የሚንቀጠቀጥ የቤተሰብ ቪዲዮ ለማስተካከል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሶፍትዌር የቱ ይሻላል?

ጠያቂዋ ከሰሚት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቪዲዮ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የቤተሰብ ቪዲዮዎች አሉኝ። ባለሙያ የቀረጻቸው አይደሉም፤ ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። ስልክ ላይ ሲታዩ ብዙም አያስቸግሩም። ትልቅ ቲቪ ላይ ግን ዓይን ያደክማሉ። እናቴንማ ራሷን ያዞራታል።

በጣም የምፈልገው የአያቴን ነው። ደብረ ብርሃን ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ቡና እያፈሉ፣ ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ጋብቻቸው፣ ስለ ጣልያን ጊዜ ከእናታቸው የሰሙትን ሁሉ ያወራሉ። የአክስቴ ልጅ ነው በቴክኖ ስልኩ የቀረጻቸው። በቴሌግራም ላከልኝ። 40 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። አያቴ አርፈዋል፤ ደግሞ መቅረጽ የለም። ለሙት ዓመታቸው ዘመድ ሲሰበሰብ ላሳይ ብዬ ነው።

ሌላው የታላቅ እህቴ ሠርግ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የተደረገ። አጎቴ ትንሿን ካሴት በሚጎርሰው ካሜራ ቀርጾት፣ በኋላ ሱቅ ወስደን ዲቪዲ ላይ አስገለበጥነው። እሱ ደግሞ ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ መስመሮች ይታዩበታል። ሦስተኛው ጥምቀት ላይ ጎንደር ሕዝቡ መሃል እየሄድኩ ራሴ የቀረጽኩት ነው።

ላፕቶፔ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ 8 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም። በየወሩ የሚከፈልበት ነገር አልፈልግም። በዶላር የሚከፍል ካርድም የለኝም። ሜሪላንድ ያለች ዘመዴ የአንድ ጊዜ ክፍያ ከሆነ እኔ እከፍልልሻለሁ ብላኛለች፤ እሷን ላስወጣ ግን የሚገባው ነገር መሆን አለበት። ሰፈራችን ያለ ልጅ ደግሞ ፕሪሚየር ፕሮ የሚባለውን የሚከፈልበት የኤዲት ፕሮግራም ክራክ አድርጌ (ሳይከፈል ቁልፉን ሰብሬ) ልጫንልሽ ይላል።

ኤዲት አድርጌ አላውቅም፤ ለመማር ግን ጊዜ አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?


ተማሪ ከባሕር ዳር፦

ነፍስ ይማር እህቴ። እኔ ላፕቶፕም የለኝም፤ ሁሉንም በስልክ ነው የምሠራው። አንድሮይድ ከያዝሽ መጀመሪያ ጉግል ፎቶስ ላይ ሞክሪው። ቪዲዮውን ከፍተሽ ኤዲት ስትይ ስታቢላይዝ የምትል ምልክት አለች። እሷን መንካት ብቻ ነው። የምታስተካክዪው ነገር የለም፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ለአጭር ክሊፕ ግን አሪፍ ነው።

ካፕካትም አለው። ክሊፑን ስትነኪው ከታች ስታቢላይዝ ይመጣል፤ ብዙ እንዲቆርጥ ወይም ትንሽ እንዲቆርጥ ደረጃ ትመርጫለሽ። አንዳንዱ ነገሩ አሁን በክፍያ ሆኗል፤ ይህችን ግን ከመክፈልሽ በፊት እዪያት። 40 ደቂቃውን በአንዴ ከጫንሽበት ስልኩ ይግላል፤ ከፋፍለሽ ስጪው።


የሠርግ ካሜራማን፦

እህቴ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እኔ አዲስ አበባ ሠርግ በመቅረጽና በማቀናበር ነው የምተዳደረው፤ ከካሴቱ ዘመን ጀምሮ። ሰው ይህን ጥያቄ ሲያመጣልኝ ስለ ሶፍትዌር ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። አንቺ እጅ ያለው ዋናው ፋይል ነው ወይስ በቴሌግራም የመጣው?

ቴሌግራም ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ስትልኪው ይጨምቀዋል። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታወቅሽም። ችግሩ የሚመጣው መንቀጥቀጡን ስታስተካክዪ ነው፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ ሥዕሉን አጉልቶ ዳር ዳሩን ይቆርጣል። የተጨመቀ ሥዕል ሲጎላ ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ይጠፋል፤ የክፍሉ ጨለማ ቦታም በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሞላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለአክስትሽ ልጅ ደውዪለት። ስልኩ ላይ ካለ እንዳይሰርዘው። በቴሌግራም መላክ ካለበት በቪዲዮ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላከው፤ ያኔ አይጨመቅም። ግን ለቴሌግራም ለማይከፍል ሰው በፋይል ሲላክ ገደቡ 2 ጊጋ ነው፤ 40 ደቂቃ በፉል ኤችዲ ከተቀረጸ ከዚያ ይበልጣል። ፍላሽ ላይ ገልብጦ ከሚመጣ ሰው ጋር ቢሰድልሽ ይሻላል። ፍላሹን ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ያድርገው፤ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበለውም።

ይህን ስልሽ ከሶፍትዌር ምርጫው በላይ ስለሚቆጠር ነው። ዋናውን ፋይል ይዘሽ በነጻ ፕሮግራም የምትሠሪው፣ የተጨመቀውን ይዘሽ በውድ ፕሮግራም ከምትሠሪው ይበልጣል።

ውዱም ነጻውም በመሠረቱ የሚሠሩት አንድ ነው። ሥዕሉ ላይ ጎላ ያሉ ነጥቦችን ይይዛሉ፤ የበሩን ጠርዝ፣ የረከቦቱን ጥግ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ። ነጥቦቹ ከአንዱ ፍሬም (ቪዲዮ የሚሠራው ከተከታታይ ፎቶዎች ነው፤ አንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል) ወደ ሌላው ምን ያህል እንደሄዱ ይለካሉ። ከዚያ ፍሬሙን እጅ ወደሄደበት በተቃራኒ ይገፉታል። ሲገፉት ዳሩ ላይ ጥቁር ባዶ ቦታ ይመጣል፤ እሱን ለመሸፈን ነው የሚያጎሉት። 10 በመቶ ቢጎላ ከ1920 ፒክስል ስፋት የሚቀርሽ 1745 ገደማ ነው።

ማንኛውም ሶፍትዌር የማይመልሰው ድብዝዝታን ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክ ብርሃን ለመሰብሰብ አንዱን ፍሬም እስከ 1/30 ሰከንድ ድረስ ሊያቆየው ይችላል። በዚያች ቅጽበት እጅ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ራሱ ደብዝዞ ይቀዳል። መንቀጥቀጡን ብታጠፊውም ድብዝዙ ይቀራል። እንዲያውም ጎልቶ ይታያል፤ ዝም ያለ ሥዕል በየመሃሉ ደብዘዝ፣ ጠራ፣ ደብዘዝ ይላል። ስለዚህ ምንም ከመጫንሽ በፊት ቪዲዮውን በቪኤልሲ ክፈቺና በጣም የሚንቀጠቀጥበት ቦታ ላይ አቁሚው። የእንግሊዝኛዋን "ኢ" (E) ፊደል ስትጫኚ አንድ ፍሬም፣ አንድ ፍሬም እያለ ይሄዳል። የቆመው ፍሬም ላይ ፊታቸው ጥርት ካለ ይስተካከላል። ከደበዘዘ ለዚያ ቦታ ሌላ መላ ይፈለጋል፤ እሱን በኋላ እነግርሻለሁ።

ክራኩን አደራ እንዳታስጭኚ። ክራክ የሚጭኑ ልጆች መጀመሪያ የሚሉት "አንቲቫይረሱን አጥፊው" ነው። የአያትሽ ብቸኛ ቪዲዮ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ይህን ማድረግ ያስፈራኛል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በእንዲህ ያለ በር ነው የሚገባው። ደግሞም አያስፈልግሽም።

ለላፕቶፕሽ የምመርጥልሽ ሾትከትን ነው። ነጻ ነው፤ ምዝገባ አይጠይቅም፤ ቪዲዮው ላይ የራሱን ምልክት አያትምም፤ 8 ጊጋ ራም ላይ ይሠራል። ከባድ ከሆነብሽ ሴቲንግስ ውስጥ ፕሮክሲ የሚለውን አብሪው፤ ኤዲት ስታደርጊ በቀለለ ቅጂ ያሠራሽና ኤክስፖርት ሲሆን፣ ማለትም ያለቀው ቪዲዮ በፋይል ሲወጣ፣ ዋናውን ይጠቀማል።

40 ደቂቃውን ግን በአንዴ አትስጪው። መጀመሪያ ሎስለስከት በሚባል ነጻ ፕሮግራም የሁለት ሦስት ደቂቃ ቁራጭ አውጪ። ይህ ፕሮግራም ሲቆርጥ ቪዲዮውን እንደገና አይጨምቀውም፤ ጥራቱ እንዳለ ይቆያል። የምትቆርጪበት ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ ጥቂት ሰከንድ ትርፍ ተዪለት። ቁራጩን ሾትከት ውስጥ ስታስገቢው ለኤዲት ወደሚመች ፋይል ልቀይረው ወይ ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ እሺ በይው። የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ የሚይዘው የፍሬም ብዛት ወጣ ገባ ስለሚል፣ ካልተቀየረ ድምፅና ከንፈር ሊለያዩ ይችላሉ።

ከዚያ ክሊፑን ምረጪ፣ ፊልተርስ ውስጥ ገብተሽ ስታቢላይዝን ጨምሪ። ሼኪነስ ከ1 እስከ 10 ነው፤ መንቀጥቀጡ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የምትነግሪው በሱ ነው። አኩሬሲ እስከ 15 ይሄዳል፤ ከፍ ስታደርጊው ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይጎዳሽም። አናላይዝን ተጫኚና ሂጂ ምሳሽን ብዪ። ሲጨርስ ስሙዚንግን እየነካካሽ እዪው። እሷ ቁጥር ናት ነገሩን ሁሉ የምትወስነው። ከፍ ሲል ሥዕሉ ይረጋጋል፣ ግን ብዙ ይጎላል። ዝቅ ሲል ትንሽ ይወዛወዛል፣ ግን ጠርዙ ይተርፋል። ልምድ የሌለው ሰው ሁሌ ከፍ ያደርጋታል። የቤተሰብ ቪዲዮ ላይ ትንሽ እጅ ቢታይ ምንም አይደለም፤ የሰው እጅ እንደያዘው ይታወቃል፣ ሰዎቹም ቅርብ ይመስላሉ።

ዳቪንቺ ሪዞልቭን የሚመክሩሽ ይመጣሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ዛሬ የምሠራው በሱ ነው። ነጻው ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ግን 16 ጊጋ ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ያንቺ ላፕቶፕ ላይ እየተንተባተበ ተስፋ ያስቆርጥሻል።

የዲቪዲውን ነገር እመለስበታለሁ፤ ረዘመብኝ።


ስልክ ወዳድ ከዱባይ፦

ጋይሮፍሎው የሚባለውን ለምን አላነሳችሁም? ነጻ ነው፣ ውጤቱም ድንቅ ነው። የጎፕሮ ቪዲዮዎቼን በሱ ነው የማስተካክለው፤ ሞተር ላይ አስሬ የቀረጽኩት ሳይቀር ለስልሶ ይወጣል።


የሠርግ ካሜራማን፦

ወንድሜ፣ ጋይሮፍሎው ጥሩ ነው፤ ግን ለሷ አይሆንም። እሱ የሚሠራው ካሜራው ሲቀርጽ እንቅስቃሴውን በሴንሰር መዝግቦ ከያዘ ነው። ጎፕሮ፣ ኢንስታ 360፣ አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ይህን መረጃ አብረው ያስቀምጣሉ። በስልኩ በራሱ ካሜራ መተግበሪያ የተቀረጸው የአያቷ ቪዲዮም ሆነ የ1996ቱ ካሴት ያ መረጃ የላቸውም። ለነሱ ሥዕሉን አይቶ የሚገምት ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እህቴ፣ ስለ ክፍያው እኔ ልንገርሽ፤ እዚህ አገር ሆኜ ብዙዎቹን ሞክሬያለሁ። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ ዋርፕ ስታቢላይዘር የሚባለው በጣም ጥሩ ነው። ግን በወር ከ20 ዶላር በላይ ነው፤ መክፈል ስታቆሚ የሠራሽውን ፕሮጀክት መክፈት አትችዪም። ለሦስት ቪዲዮ ዘመድሽን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አታስገቢያት። የአንድ ጊዜ ክፍያ የሆነው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ስቱዲዮ 295 ዶላር ነው፤ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው ግን ነጻው ላይም አለ፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብሎ 295 ማውጣት ትርጉም የለውም።

ሌላ የምለምንሽ፣ ኢንተርኔት ላይ "ነጻ ሙከራ" ብለው የሚያወርዱሽን ተጠንቀቂ። ሰዓታት ለፍተሽ ጨርሰሽ ኤክስፖርት ስትይ መሃሉ ላይ ትልቅ ምልክት አትሞ ያወጣልሻል፤ ያን ለማንሳት ክፈዪ ይላል። አዲስ ፕሮግራም ስትሞክሪ መጀመሪያ የአሥር ሰከንድ ክሊፕ ኤክስፖርት አድርገሽ እዪ።

ከቤተሰቡ ማክ ያለው ሰው ካለ ደግሞ አይሙቪ በነጻ አብሮት ይመጣል። "ስታቢላይዝ ሼኪ ቪዲዮ" የምትል አንዲት ሳጥን አለች፤ እሷን ምልክት አድርገሽ መጠኑን መጎተት ነው። የልጆቼን ክርስትና በሱ ነው ያስተካከልኩት፤ አማቴ አሁንም እየደጋገሙ ያዩታል።

እኔ በዘመድሽ ቦታ ብሆን ገንዘቡን ለሶፍትዌር ሳይሆን ለውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነበር የማወጣው። እሱን ከሚመጣ ሰው ጋር ትላክልሽ። ዋናዎቹ ፋይሎች ላፕቶፑ ላይ ብቻ መቀመጥ የለባቸውም።


ጠያቂዋ ከሰሚት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም ነበር።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ላይ አለ! ፎቶ ሊያጠፋ ሲል ነው የደረስኩበት፤ ስልኩ ሞልቶበት ነበር። በፍላሽ ላከልኝ። በቴሌግራም ከመጣው ጋር ጎን ለጎን ሳየው ልዩነቱ አስደነገጠኝ። የነጠላቸው ጥለት ይቆጠራል።

ሾትከትን ጫንኩ። ቁራጩን አውጥቼ ስታቢላይዝ አደረግኩት። መንቀጥቀጡ በእውነት ቀነሰ። ግን ሦስት ነገር አስቸገረኝ። ጀበናውን ከፍ አድርገው ሲቀዱ እጃቸው ከሥዕሉ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ቪዲዮው ውስጥ በጣም የምወደው ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ቦታ ግድግዳው ራሱ የሚዋኝ ይመስላል፣ እየተለጠጠ እየተሰበሰበ። ሦስተኛ እንዳሉት ነው፤ ድብዝዝ የሚሉ ቦታዎች አሉ። የሚቀርጸው የአክስቴ ልጅ ከአንዱ በርጩማ ወደ ሌላው ሲዛወር ደግሞ ሁሉም ይበላሻል።

የዲቪዲውንም ነገር ቃል ገብተውልኛል።


የሠርግ ካሜራማን፦

ጎበዝ! የነጠላቸው ጥለት ከተቆጠረ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ከእጃቸው እንጀምር። እጃቸው የሚቆረጠው ስሙዚንግ ስለበዛ ነው። ያቺን ቡና የሚቀዱባትን ክፍል ለብቻዋ ቁረጫትና ስሙዚንጓን ዝቅ አድርጊ፤ ዙሙንም ቀንሺው። ለ40 ደቂቃው ሁሉ አንድ ቁጥር የግድ አይደለም። እኔ ሠርግ ላይ ቀለበት የሚያስሩበትን ክሊፕና ሙሽሮቹ ከመኪና የሚወርዱበትን ክሊፕ አንድ ዓይነት አላደርጋቸውም። እጃቸው ሙሉ ሆኖ ሥዕሉ ትንሽ ቢንቀሳቀስ፣ ሥዕሉ ቆሞ እጃቸው ከሚቆረጥ ይሻላል። አንቺም የምትወጂውን ቦታ ነው ማትረፍ ያለብሽ።

የሚዋኘው ግድግዳ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ስልኩ ነው። የስልክ ካሜራ ፍሬሙን በአንድ ጊዜ አያነሳውም፤ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው። በመሃል እጅ ከተንቀጠቀጠ ላይኛውና ታችኛው ክፍል የተለያየ ቦታ ላይ ይያዛሉ፣ ቀጥ ያለው በር ይጣመማል። ሮሊንግ ሻተር የሚሉት ይህን ነው። መንቀጥቀጡ ሲጠፋ መጣመሙ ብቻውን ስለሚቀር ይታወቅሻል። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ የያዘው ነጥብ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሲሆን ነው። የጀበናው ጭስ፣ እሳቸው የሚያወዛውዙት እጅ፣ በበሩ የምታልፍ ዶሮ፣ ሁሉም ያታልሉታል። መላው ስሙዚንግን መቀነስና ክሊፑን ማሳጠር ነው። ክሊፑ ባጠረ ቁጥር ለየቦታው የሚስማማ ቁጥር ትሰጪዋለሽ።

ልጁ ቦታ የሚቀይርበትን አታስተካክዪው፤ ቁረጪው። እዚያ ላይ የሚናገሩት ነገር ካለ ግን ድምፁን አትቁረጪ። አሁን ያልኩሽ ሌላ መላ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው፤ ለድብዝዙም ይሠራል። ሾትከት ላይ ከዋናው ቪዲዮ በላይ ሌላ የቪዲዮ ትራክ (ክሊፕ የሚደረደርበት መስመር) ጨምሪ። በተበላሸው ቦታ ላይ የአያትሽን የድሮ ፎቶ፣ የጋብቻ ፎቶ ካላቸው እሱን፣ ወይም የቤታቸውን በር አስቀምጪ። ከታች ድምፃቸው ይቀጥላል። ስለ ጋብቻቸው ሲያወሩ የጋብቻ ፎቶው ቢመጣ ተመልካቹ የተበላሸ ነገር እንደተሸፈነ አያውቅም። እኛ ይህን በየሠርጉ እናደርገዋለን። ስታቢላይዝ ድምፁን ስለማይነካው ለሱ አትጨነቂ። ፎቶ ከሌለሽ ከዘመድ አሰባስቢ፤ ለሙት ዓመቱም ይጠቅምሻል።

ወደ ዲቪዲው። ያ ካሜራ ሚኒ ዲቪ መሆን አለበት። መጀመሪያ የምጠይቅሽ ካሴቷ አለች ወይ ነው። ካለች አትጣዪያት። የአንድ ሰዓት ሚኒ ዲቪ በፋየርዋየር ገመድ ሳይነካ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ 13 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲቪዲው ላይ ያለው የተጨመቀው ነው፤ የቴሌግራሙ ታሪክ ነው የተደገመው። ካሜራውና የፋየርዋየር ገመድ ያለው ሰው ካገኘሽ እንደገና አስገልብጪ፤ ለገልባጩም ዲቪዲ አልፈልግም፣ ጥሬውን ፋይል ስጠኝ በዪው።

መስመሮቹ የሚመጡት ኢንተርሌስድ ስለሆነ ነው። የኛ አገር የቲቪ ስልት ፓል ነው፤ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። እያንዳንዱ ፍሬም ግን ከሁለት ግማሽ የተሰፋ ነው፤ ጎዶሎ መስመሮቹና ሙሉ መስመሮቹ በ1/50 ሰከንድ ልዩነት ነው የተያዙት። ሰው ሲንቀሳቀስ ሁለቱ ግማሾች አይገጥሙም፤ የምታዪው እሱን ነው። ይህን ሳትፈቺ ስታቢላይዝ ብታደርጊ ፍሬሙ ወደላይ ወደታች ሲገፋ መስመሮቹ ጭራሽ ይበላሻሉ። ቅደም ተከተሉ እንዳይቀየርብሽ፤ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ (ሁለቱን ግማሾች መለየት)፣ ቀጥሎ ስታቢላይዝ። ለመጀመሪያው ሃንድብሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፊልተርስ ውስጥ ዲኢንተርሌስን ያዲፍ ላይ፣ ከሥሩ ያለውን ደግሞ ቦብ ላይ አድርጊው፤ በሰከንድ 50 ፍሬም ሆኖ ለስላሳ ይወጣልሻል። ጥራቱን የምትወስነው አርኤፍ የምትለዋ ቁጥር ናት፤ 18 አድርጊያት፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም።

የድሮው ካሴት አንድ መልካም ነገር አለው። የዚያን ጊዜ የቤት ካሜራዎች አብዛኞቹ ሥዕሉን በአንድ ጊዜ የሚያነሳ ሲሲዲ የሚባል ሴንሰር ስለነበራቸው ሮሊንግ ሻተር የለባቸውም። ግድግዳ አይዋኝም። ስለዚህ የእህትሽ ሠርግ ከስልኩ ቪዲዮ ይልቅ በንጽሕና ይስተካከላል። ግን ስፋቱ 720 ብቻ ስለሆነ ብዙ ማጉላት አንችልም። ለእንዲህ ያለው ቨርችዋልደብ የሚባል ፕሮግራም ላይ የሚጨመረውን ዴሼከር እመክርሻለሁ። መልኩ ያረጀ ነው፣ ቁልፉም ይበዛል፤ ነጻ ነው፤ ሾትከት የማያደርገውን ያደርጋል። ጥቁር ጠርዝ ሲመጣ ከማጉላት ይልቅ ከቀደመውና ከሚቀጥለው ፍሬም ቆርጦ ይሞላዋል። በሁለት ዙር ነው የሚሠራው፤ አንደኛው ይለካል፣ ሁለተኛው ያስተካክላል። የሠርግ አዳራሽ ላይ ዳር ያሉት ዘመዶች እንዳይቆረጡ ይህን ነው የምጠቀመው። ዛሬ ከነሱ መሃል የሌሉ አሉ፤ ባለቤቶቹ ቪዲዮውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጉት ዳር የተቀመጡትን ነው።


ጠያቂዋ ከሰሚት፦

የጋብቻ ፎቷቸው አክስቴ ጋ አለ! ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው፤ ሄጄ ፎቶ አነሳዋለሁ። ካሴቷንም አጎቴን ጠየቅኩት፤ ሳጥን ውስጥ አለች፣ ካሜራው ግን ተበላሽቷል አለኝ። የሚገለብጥ ሰው እያፈላለግኩ ነው።

ቡና የሚቀዱበትን ለብቻ ቆርጬ ስሙዚንጉን ቀነስኩት። እጃቸው ከነጀበናው ሙሉ ሆነ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት፤ ራሷን አላዞራትም።

የጥምቀቱስ? እሱን ሾትከት ሙሉ በሙሉ አበላሸው። ሕዝቡ ቆሞ ሕንጻው ይወዛወዛል።


ተማሪ ከባሕር ዳር፦

እኔም ጥምቀት የቀረጽኩት እንዲሁ ሆኖብኛል። ካፕካትም አልቻለውም። ጋሼ መልሱን ለኔም ጭምር ይሁን።


የሠርግ ካሜራማን፦

ሕዝቡ ቆሞ ሕንጻው ከተወዛወዘ ፕሮግራሙ ሕዝቡን ነው የያዘው። ፍሬሙን የሞላው ሰው ነው፤ አብዛኛው ነጥብ ራስና ነጠላ ላይ ያርፋል። እነሱ እየሄዱ ስለሆነ ካሜራው የሄደ ይመስለዋል። ይህን ለማረም እዚህም ዴሼከር ይሻላል። የፍሬሙን የተወሰነ ክፍል አትመልከት ልትዪው ትችያለሽ። የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ፣ ሕዝቡ ያለበትን፣ እንዳያይ አድርጊው። ከላይ ያለውን የፋሲል መዋኛ ግንብና ዛፎቹን ብቻ ይያዝ። ቨርችዋልደብ 2 የሚባለው አዲሱ የስልክ ኤምፒ 4 ፋይልም ይከፍታል። ተማሪው በስልክ ብቻ ስለምትሠራ ይህን ጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ሞክረው።

እንዲያም ሆኖ እየተራመዱ የተቀረጸ ነገር ሙሉ በሙሉ አይረጋም። ቅርብ ያለ ሰውና ሩቅ ያለ ግንብ በአንድ እርምጃ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ አንዱን ስታቆሚው ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ ቆም ያልሽባቸውን ቦታዎች ምረጪ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ቆመሽ ይሆናል። እነሱን አስተካክዪ፣ የተራመድሽበትን አሳጥሪው። አምስት ደቂቃ መራመድ አሥር ሰከንድ ቢሆን ማንም አይቀየምም።

ለሙት ዓመቱ ስትጨርሺ ሾትከት ላይ ኤክስፖርት ስትዪ ኤምፒ 4፣ ኤች 264 ምረጪ፤ የአብዛኛው ቲቪ ዩኤስቢ ይህን ያነባል። በሚያሳዩበት በዚያው ቲቪ ላይ ከቀኑ በፊት አንድ ጊዜ ከፍተሽ ድምፁን ስሚ። የአያቶች ድምፅ ቀጭን ነው፤ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ስለሚጠፋ ስፒከር ካላችሁ አገናኙት። ካሴቷን የሚገለብጥ ካጣሽ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ካሜራውም ገመዱም እኔ ጋ አሉ።